ጎራዴ በኢንተርኔት ከመግዛትዎ በፊት

ጎራዴ ለአባቶቻችን የጦር መሣሪያ ብቻ አልነበረም። ንጉሥ የሚሸልመው፣ ሹም በአደባባይ የሚታጠቀው፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የክብር ዕቃም ነበር። ዛሬ ይኸው ዕቃ በኢንተርኔት ጨረታ ላይ ከአሮጌ ሰዓትና ከሳንቲም ጋር ተደርድሮ ይሸጣል። በሲያትልና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያንም ሳሎናችን ውስጥ አንድ ጎራዴ ሰቅለን ለልጆቻችን «የአያቶቻችሁ መሣሪያ ይህ ነበር» ለማለት ብንመኝ አያስገርምም። ሆኖም «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንዲሉ፣ ገንዘብዎን ከመላክዎ በፊት ዕቃውን፣ ታሪኩንና ሕጉን ማወቅ ይገባዎታል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ ረገድ ከጃፓን ሰይፍ ሰብሳቢዎች የምንማረው አለ። ጃፓን በ1945 ከተሸነፈች በኋላ መሣሪያ እንዲሰበሰብ በመታዘዙ፣ ብዙ ሰይፎች በአሜሪካ ወታደሮች ሻንጣ ውቅያኖስ ተሻገሩ። ከነዚህ መካከል የጥንት ባለሙያዎች የሠሯቸውም፣ በጦርነቱ ጊዜ ለመኮንኖች በፋብሪካ የተመረቱም ነበሩ። አዋቂዎች ሁለቱን ለመለየት በቅድሚያ የሚመረምሩት እጀታው ውስጥ የሚደበቀውን የብረቱን ጭራ ነው። የሠሪው ስም የሚቀረጸው እዚያ ላይ ነው፤ የዝገቱም መልክ ዕድሜውን ይናገራል። ስለዚህ ያን ዝገት ፈግፍጎ ማንሣት የሰይፉን ዋጋ መግደል ነው። የታዋቂ ሠሪ ስም በሐሰት መቅረጽም የቆየ ልማድ በመሆኑ፣ በ1948 በጃፓን የተቋቋመ የሰይፍ ጥበቃ ማኅበር ሰይፎችን እየመረመረ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ሰብሳቢዎቹ ለጀማሪ የሚሰጡት ምክርም ባጭሩ «ታሪኩን ሳይሆን ብረቱን ግዛ» የሚል ነው።

የኛን ጎራዴ ግን በዚህ ምክር ብቻ መግዛት አይቻልም። ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ብረቱ የኛ አይደለም። እንደ ማጭድ የተቆለመመውና ከጋሻ ጀርባ ያለውን ጠላት እንዲያገኝ ሆኖ የተሠራው ሾተል የአገራችን ቀጥቃጮች ሥራ ነው። በአንድ በኩል ብቻ ስለት ያለው ጎራዴ ግን፣ በተለይ ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ፣ ብረቱ በአብዛኛው ከአውሮፓ የመጣ ነው። የጀርመኗ ሶሊንገን ከተማ በዚህ ንግድ የታወቀች ነበረች። ያገር ቤት ባለሙያ ደግሞ የቀንድ እጀታና የቆዳ ሰገባ ያበጅለት ነበር። እንግዲህ ብረቱ ላይ የውጭ አገር ፋብሪካ ምልክት ቢያዩ «ሐሰተኛ ነው» ብለው አይጣሉት።

ከዚህ በኋላ ጽሑፉን ይመልከቱ። እርስዎ ከብዙ ፈረንጅ ገዢዎች የሚበልጡበት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ፊደሉን ያነባሉ። ሻጩ «የዓድዋ ጎራዴ» ብሎ ሲያቀርብልዎት ብረቱ ላይ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንጉሠ ነገሥት» የሚል ቢያነቡ፣ ንጉሡ ዘውድ የጫኑት በ1930 ስለሆነ ከ1896ቱ ዓድዋ በ34 ዓመት ይዘገያል። «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት» የሚል ከሆነ ደግሞ ንግሥናቸው ከ1889 እስከ 1913 ነውና ከመቅደላ ጦርነት ጋር ሊገናኝ አይችልም። በእንግሊዝኛ «በጀርመን የተሠራ» የሚል ማኅተምም እንዲሁ ነው፤ እንግሊዝ በውጭ ዕቃ ላይ የአገር ስም እንዲጻፍ ያስገደደችው በ1887 በወጣ ሕግ ነውና፣ ይህ ማኅተም ያለበት ጎራዴ በ1868 መቅደላ ላይ ነበር ቢባል አይመኑ። ፊደሉ የተዛባ፣ ቃሉ የተሳሳተ ከሆነም ጥንቃቄ ያድርጉ፤ ለቱሪስት ተብሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው እጀታው ነው። የጎራዴ እጀታ ከበሬ ወይም ከጎሽ ቀንድ ይሠራል፤ የከበሩት ግን የአውራሪስ ቀንድ ናቸው። የበሬ ቀንድ በተፈጥሮው ውስጡ ክፍት ነው። የአውራሪስ ቀንድ ግን ድፍን ሆኖ፣ እንደ ተጣበቀ ፀጉር ጭረት ያለበት ነው፤ ጫፉ ሲታይም ነጠብጣብ ይመስላል። ይህን መለየት የሚያስፈልገው ለውበቱ ሲባል ብቻ አይደለም። የዋሽንግተን ስቴት መራጮች በኅዳር 2015 ባጸደቁት ሕግ፣ አውራሪስን፣ ዝሆንን፣ አንበሳንና ነብርን ጨምሮ የአሥር ዓይነት እንስሳትን ውጤት መሸጥም መግዛትም በስቴታችን ተከልክሏል። ዕድሜው ከ100 ዓመት ያላነሰ መሆኑ በሰነድ ለሚረጋገጥና የእንስሳው ክፍል ከዕቃው 15 በመቶ በታች ለሆነ ቅርስ ልዩ ፈቃድ አለ። ሰነድ የሌለው የአውራሪስ እጀታ መግዛት ግን ወንጀል ነው። ሻጩ ሌላ ስቴት ወይም ሌላ አገር ስለሆነ ነፃ ነኝ ብለው አያስቡ፤ የፌዴራል ሕግና ዓለም አቀፍ ስምምነትም አለ።

አራተኛውና ዋናው ጥያቄ «ይህ ጎራዴ ከአገር የወጣው እንዴት ነው?» የሚለው ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. (1868) ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን በዘበዘ። ምርኮውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈልገው ነበር። ደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን ሐራጅ ተካሄደ፤ የተገኘውም ገንዘብ ለወታደሩ ተከፋፈለ። እንግዲህ የኢትዮጵያ ቅርስ ጨረታ በኢንተርኔት ዘመን የተጀመረ ነገር አይደለም። ከ1935 ጀምሮ ደግሞ ኢጣልያኖች ብዙ ዕቃ ወስደዋል፤ በ1947ቱ የፓሪስ የሰላም ውልም የወሰዱትን የሥነ ጥበብ፣ የሃይማኖትና የታሪክ ዕቃ እንዲመልሱ ግዴታ ገብተዋል።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በሰኔ 2021 በእንግሊዝ አገር ዶርሴት ውስጥ የመቅደላ ዕቃዎች ለጨረታ ሊቀርቡ ሲሉ፣ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ጠይቆ ከጨረታው ወጡ፤ በዚያው ዓመትም ለኢትዮጵያ ተመለሱ። በ2024ም በኒውካስል ሊሸጥ የነበረ የመቅደላ ጋሻ ከጨረታ ወጥቶ በዚያው ዓመት አገሩ ገብቷል። ሁለቱም ጊዜ ዕቃውን ያዳነው ታሪኩ መታወቁ ነው። «ከመቅደላ የመጣ» የሚል ጽሑፍ ለሻጩ ዋጋ መጨመሪያ ነው፤ ለኛ ግን የዘረፋ ምስክር ነው።

በቅርብ ጊዜ የወጣ ዕቃም ከዚህ ያነሰ አያስጠይቅም። በ1992 ዓ.ም. (2000) በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከኢትዮጵያ ማውጣት ክልክል ነው። ስለዚህ «ከአዲስ አበባ በቀጥታ እልክልዎታለሁ» የሚል ሻጭ ቢያጋጥምዎት፣ በቅድሚያ የመውጫ ፈቃዱን ይጠይቁት።

እንግዲህ ምክሬን በአጭሩ ላስቀምጥ። በመጀመሪያ የብረቱን ሁለት ገጽ፣ የጽሑፉን፣ የእጀታውን ጫፍና የሰገባውን ፎቶ አንድ በአንድ ያስልኩ። ቀጥሎ ጎራዴው ከማን እጅ እንደመጣና መቼ ከአገር እንደወጣ በጽሑፍ እንዲገለጽልዎት ይጠይቁ፤ የቆየ ደብዳቤ፣ ደረሰኝ ወይም ፎቶግራፍ ካለ ቅጂውን ይቀበሉ። የእጀታው ቀንድ የምን እንደሆነም በጽሑፍ ያረጋግጡ። «አላውቅም፣ አልጠየቅኩም» የሚል ሻጭ ከሆነ ይተዉት፤ ሌላ ይመጣል። የተዘረፈ መሆኑን ከጠረጠሩ የጨረታውን ቀንና የዕቃውን ቁጥር መዝግበው በዋሽንግተን ዲሲ ላለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ያስታውቁ። ገዝተው ካስገቡም በኋላ ብረቱን በአሸዋ ወረቀት አይፈግፍጉት፤ ደረቅ ቦታ አስቀምጠው በስሱ ዘይት ይቀቡት።

የጃፓን ሰይፍ ሰብሳቢዎች «ታሪኩን ሳይሆን ብረቱን ግዛ» ያሉት የሐሰት ወሬ ስለበዛባቸው ነው። ለኛ ግን ብረቱ ከሶሊንገን ሊመጣ ይችላል፤ የኛ የሚያደርገው የታጠቀው ሰውና የተጓዘበት መንገድ ነው። ስለዚህ ማስረጃ ለሌለው ታሪክ ገንዘብ አይክፈሉ፤ ታሪክ ለሌለው ብረትም እንዲሁ። ከቤተሰብ የወረሱት ጎራዴ ቀድሞውኑ ቤትዎ ካለ ደግሞ፣ የማን እንደነበረና እንዴት ከእጅዎ እንደገባ ዛሬውኑ በወረቀት ጽፈው ከሰገባው ጋር ያኑሩት። ልጆችዎ ነገ የሚጠይቁት ያንን ነው።