እያደር በዋግ ምድር

እንግሊዞች አንድ ነገር ሳይቸኩል ከነበረበት ወደ ሌላ ሲሻገር «ግራጁዋሊ» የሚሉት ቃል ከላቲኑ «ግራዱስ» የተወለደ ሲሆን ትርጓሜውም እርምጃ፣ ደረጃ ማለት ነው። ግዕዝ ይህንኑ «በበሕቅ» ብሎ በመጠን ይሰፍረዋል፤ አማርኛ ግን «ቀስ በቀስ» ሲል የሂያጁን አካሄድ፣ «እያደር» ሲል የሚያልፈውን ሌሊት ይቈጥራል። ስለዚህ ሰውን «ቀስ በቀስ ውጣ» ብሎ ማዘዝ ሲቻል «እያደር ውጣ» ማለት አይቻልም፤ እያደር የሚሆነው ነገር ሰው ተኝቶ ሳለ የሚሠራ ነውና።

ይህን ልዩነት ከዋግ ከተማ ከሰቆጣ ይልቅ የሚያስረዳኝ አገር አላገኘሁም። በ19ኛው መቶ ዓመት ከአፋር ቆላ ተጠርቦ፣ እንዳይሰበር ወገቡን በልጥ ታስሮ ወደ ሰቆጣ ገበያ የሚወጣው አሞሌ ጨው፣ ወደ መሐል አገር በራቀ ቍጥር እየተወደደ ስለሚሄድ በአንድ ማርትሬዛ ብር የሚገዛው ብዛት ከገበያ ወደ ገበያ ይቀንስ ነበር። ይህ ነጋዴው በጣቱ የሚቈጥረው ለውጥ ነው፤ «ደረጃ በደረጃ» ቢባል ይስማማዋል።

የአገሩ ቋንቋ ነገር ግን ሌላ ነው። ይኵኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. መንግሥቱን ከያዘ በኋላ የዛጔ ወገኖች በዋግ ሹመት ረግተው እንደ ተቀመጡ ትውፊት ይነግረናል፤ ከዋግሹሞቹም አንዱ ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። በዚያ ረዥም ዘመን ካህኑ በግዕዝ እየቀደሰ፣ ባለጉዳዩ በአማርኛ እየተሟገተ፣ ማታ ሁሉም ከምድጃው ዳር በአገውኛው በኽምጣና ሲጫወት፣ አማርኛ ከችሎት ወደ ገበያ፣ ከገበያም ወደ ጓዳ እያደር ገባ። ኦስትሪያዊው ሊቅ ሌዎ ራይኒሽ እ.ኤ.አ. በ1884 ስለዚሁ የአገው ቋንቋ የጻፈውን ሲያሳትም ቋንቋው ገና የአገሩ ሰው አፍ ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በትምህርት ቤት ፊደል ተቈጥሮለታል።

ነገር ግን ያደረው ለውጥ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሄደ አይምሰለን። ግዕዝ «መጽአ ንጉሥ» ብሎ ግሱን ሲያስቀድም፣ አማርኛ «ንጉሡ መጣ» ብሎ ግሱን ወደ መጨረሻ ያወረደው ከአገውና ከመሰሎቹ ቋንቋዎች ጋር አብሮ በመኖሩ እንደ ሆነ ብዙ ሊቃውንት ያስረዳሉ። ዛሬ በሰቆጣ አያቲቱ በኽምጣና ስትጣራ፣ የልጅ ልጇ እንስራዋን ከጀርባዋ እያወረደች «እማማ፣ ውኃውን አመጣሁ» ብላ በአማርኛ ብትመልስ፣ ቃሉ የአማራ ነው፤ ግሱ የተቀመጠበት ስፍራ ግን የአያቲቱ ነው።