ቁም ነገር ያዘለው ዘፈን፤ ከብሮንክስ እስከ ወሎ

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ሲዘጋጅ ለታሪክ ክበባችን ጥቂት ገጾች ተመድበውልናል። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነቶች በየዓመቱ ብዙ የተጻፈ ስለ ሆነ እኛ በዚህ ዓመት ስለ ዘፈን ለመጻፍ መርጠናል። ምክንያታችንም ይህ ነው። ታላላቆቻችን ስለ ዘፈን በተነሣ ቁጥር የድሮው ቁም ነገር ነበረው፤ የአሁኑ ግን ጩኸት ብቻ ነው ሲሉ እንሰማለን። የሚያስደንቀው ይህን የሚሉት ስለ ሀገራችን ዘፈን ብቻ አለመሆኑ ነው። በካሴት ዘመን ያደጉት ስለ አሜሪካኖቹ ሂፕ ሆፕ ሲያወሩም ያን ጊዜ ራፕ የድኻውን ብሶት ይናገር ነበር፤ ዛሬ ወርቅና መኪና መቁጠሪያ ሆነ ይላሉ። ሰው ያለፈውን ሲያስታውስ ደጉን እየመረጠ ነውና፤ ይህ አባባል በታሪክ ዓይን ሲመረመር ምን ያህል እውነት ይሆን?

ነገሩ ይልቁንም ለወሎ ሰፈር ልጆች የሚቀርብበት ምክንያት አለ። ሰፈራችን ዛሬ በብዙ ሰው ዘንድ የሚታወቀው በመንገድ መገናኛነቱ ነው። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ የሚወስደው መንገድና ወደ ጎተራ የሚያቀናው የኢትዮ ቻይና መንገድ የሚገናኙት እዚህ ነው። ስሙ ግን የሕዝብና የሀገር ስም ነው። ይኸው የወሎ ስም በሂፕ ሆፕ ታሪክ ውስጥ ባላሰብነው ቦታ ደጋግሞ ገጠመን።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ተርቦ ነበር። ዝናብ ጠፍቶ፣ ከብት አልቆ፣ ገበሬው እህል ፍለጋ ቀዬውን ለቆ ወደ ደሴ መንገድ ወጣ፤ ብዙውም በመንገድ ዳር ወድቆ ቀረ። የሞተው ሰው በብዙ አሥር ሺህ ይቆጠራል። መንግሥት ነገሩን ለመሸሸግ በመሞከሩ ጋዜጦቹ ዝም አሉ። ዝምታውን ለመስበር ከተነሡት መካከል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ይገኙባቸዋል፤ ከወሎ የመጡ ፎቶግራፎች በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለእይታ ቀረቡ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ታየ። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

እንግዲህ ወሎ በተራበበት በዚያው በ1965 ዓ.ም.፤ በክረምቱ ማብቂያ፤ ነሐሴ 5 ቀን (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኦገስት 11 ቀን 1973) በኒው ዮርክ ከተማ በብሮንክስ ሰፈር፤ በሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 በሆነው የኪራይ ቤቶች ሕንጻ ውስጥ አንዲት ተማሪ የጭፈራ ግብዣ አዘጋጀች። ስሟ ሲንዲ ካምቤል ነው። ዓላማዋም ትምህርት ቤት ሲከፈት የምትለብሰውን ልብስ መግዣ ገንዘብ ለማግኘት ነበር፤ ይህ ምክንያት ለእኛ ለተማሪዎች ማብራሪያ አያስፈልገውም። መግቢያው ለሴቶች 25 ሳንቲም፤ ለወንዶች 50 ሳንቲም ነበር። ሸክላ የሚያጫውተው በጃማይካ የተወለደው የ18 ዓመት ወንድሟ ክላይቭ፤ በቅጽል ስሙ ኩል ሄርክ ነው። ብልሃቱም እንዲህ ነበር። ጨፋሪዎች እጅግ የሚደሰቱት ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻ በሚሰማበት አጭር ቦታ መሆኑን አስተውሎ፤ ሁለት ማጫወቻ ጎን ለጎን አስቀምጦ፤ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ሸክላ እያደረገ፤ አንዱ ሲያበቃ ሌላውን ወደ ኋላ እየመለሰ፤ ያችን አጭር የከበሮ ክፍል እንደ ልብ ማስረዘም ቻለ። በዚያ ላይ በማይክሮፎን ቃላት ይወረውር ነበር። ሂፕ ሆፕ የሚባለው ሁሉ ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያች ሌሊት ነው።

ሰፈሩም ደኅና ሰፈር አልነበረም። ክሮስ ብሮንክስ የሚባለው ሰፊ የመኪና መንገድ ብሮንክስን ለሁለት ከፍሎ ሲያልፍ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከቤታቸው ተነሥተው ነበር። ከዚያም ሥራ ጠፋ፤ ሕንጻዎች በእሳት ጋዩ። ሆኖም ታሪክ ጸሐፊ የሚያየውን መጻፍ አለበትና፤ በሲንዲ ግብዣ ላይ ስለ ድህነት የተሰበከ ነገር የለም። የተጨፈረ ጭፈራ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1979 በዓለም ሁሉ የተሰማው የመጀመሪያው የራፕ ሸክላም የጨዋታ ዘፈን ነው፤ እንዲያውም ከፊሉ በጓደኛ ቤት ስለ ቀረበ መጥፎ ምግብ ያወራል! የድሮው ሁሉ ቁም ነገር ነበር የሚሉ ታላላቆቻችን ይህን እንዳይረሱብን እናሳስባለን።

ቁም ነገሩ የመጣው በ1974 ዓ.ም. ክረምት ነው። ግራንድማስተር ፍላሽ እና ፊውሪየስ ፋይቭ በተባለው ቡድን ስም «ዘ ሜሴጅ»፤ ማለት «መልእክቱ»፤ የተባለ ሸክላ ወጣ። ስለ ተሰባበረ መስተዋት፣ ስለ ቆሻሻ ሽታ፣ ስለ ሥራ ማጣት፣ ተስፋ ሳያይ አድጎ በእስር ቤት ስለ ሚያልቅ ወጣት የሚናገር ነበር። አንባቢ ልብ ይበል፤ ቡድኑ ይህን ዘፈን ለመቅዳት አልፈለገም ነበር። ለመዝናናት የሚመጣ ሰው የራሱን መከራ መስማት ይፈልጋል ብሎ ማን ያምናል? ግጥሙን የጀመረው የኩባንያው ሙዚቀኛ ኤድ ፍሌቸር ነው፤ ይቀረጽ ብላ ያስገደደችው የኩባንያው ባለቤት ሲልቪያ ሮቢንሰን ናት፤ ከቡድኑ ሙሉውን ሥራ የተሸከመው ሜሊ ሜል ብቻ ነው። ስሙ በሸክላው ላይ በጉልህ የታተመው ፍላሽ ራሱ እጁ የለበትም። ሕዝቡ ግን ዘፈኑን ወደደው። የአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት የድምፅ ቅርስ መዝገብ ሲከፍት በመጀመሪያ ከመረጣቸው 50 ቅጂዎች አንዱ ይህ ሆኗል።

ታዲያ በእኛ ሀገር የድኻውን ነገር በግጥም የሚናገር አልነበረምን? ነበረ እንጂ። አዝማሪ በአንድ ጅማት መሰንቆ ጌታውን እያወደሰ በሰሙ ውስጥ ወርቁን ይደብቅ ነበር፤ የተሰደበው ጌታ ስቆ ሸልሞት፤ ነገሩ የሚገባው ቤቱ ገብቶ ሲያስበው ነው። ላሊበሎች የሚባሉት ደግሞ ገና ጎህ ሳይቀድ ከደጅ ቆመው የባለቤቱን ስም በግጥም እያነሡ፤ እያመሰገኑም እየወቀሱም ይለምናሉ፤ የሰጠ ይመረቃል፤ የነፈገ ወዮለት። በወሎ ደግሞ መንዙማ አለ፤ በድቤ ታጅቦ ምስጋናውንና ምክሩን፤ የዘመኑንም መከራ በጸሎት መልክ ያወርዳል። የፉከራ ነገርማ ለብቻው ድርሰት ይወጣዋል፤ ከዘፈን ይልቅ ለንግግር ይቀርባልና፤ ራፕን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሽማግሌ ይህማ ፉከራ ነው ቢል አንፈርድበትም። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው ራፕ ከእኛ አዝማሪ ተወለደ ይላሉ። እኛ ይህን አንቀበልም። መመሳሰል ዘመድነትን አያስረዳም። ሁለቱም ተቀምጦ የሚሰማ ሰው ባለበት ሁሉ የሚበቅሉ ናቸው።

ዘፈን ቁም ነገር ከያዘ ዋጋ ያስከፍላል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ሹሙ ታሪክን በዜማ እየተናገሩ የሚዞሩትን ከጠንቋዮች ጋር እየያዙ በጥይት እንዲገድሏቸው አዘዘ፤ ማዘዙንም በገዛ ራሱ ቴሌግራም ለሮም አስታወቀ። የጣሊያን ጦር መድፍና አውሮፕላን ነበረው። ከሱ ጋር ደሞዝና ጠመንጃ ያልነበረውን አዝማሪ ፈራ። ታላላቆቻችን ስለ ድሮ ዘፈን ሲተክዙ ይህን ጭምር ቢነግሩን መልካም ነበር፤ እኛ ያገኘነው ከመጽሐፍ ነውና።

በ1977 ዓ.ም. ወሎ ዳግመኛ ተራበ። ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የተላከው የቢቢሲ ዜና ጥቅምት 13 ቀን ሲታይ ዓለም ደነገጠ። በኅዳር ወር የእንግሊዝ ዘፋኞች ተሰብስበው ለርዳታ የሚሆን ሸክላ ቀረጹ። የዘፈኑ አርእስት እነዚህ ሰዎች የገናን በዓል መድረስ ያውቁ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ነው። ክርስትና በንጉሥ ኢዛና ዘመን በአራተኛው መቶ ዓመት በገባበት ሀገር፤ እስላሙና ክርስቲያኑ በዓሉን አብሮ በሚያከብርበት በወሎ፤ ይህ ጥያቄ ፈገግ ያሰኛል። ገንዘቡ ግን እህል ሆኗልና ውለታውን አንዘነጋም። ከእኛም ወገን ጥላሁን ገሠሠ ለተራቡት ገንዘብ ለማሰባሰብ ድምፁን ሰጥቷል።

ከዚያ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ላይቭ ኤይድ የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት በለንደንና በፊላዴልፊያ በአንድ ቀን ተደረገ። በፊላዴልፊያው መድረክ ከታዋቂዎቹ የሮክ ዘፋኞች መካከል ጥቁር ልብስ የለበሱ ሦስት ወጣቶች ወጡ፤ ከኒው ዮርክ ከኩዊንስ የመጡት ረን ዲ.ኤም.ሲ. ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ያወጡት የመጀመሪያ ሸክላቸው ስለ ሥራ ማጣትና ስለ ኑሮ ውድነት ነበር። ራፕ ገና እንደ ልጆች ጨዋታ በሚቆጠርበት ጊዜ ከዓለም ሕዝብ ፊት የቆመው ለኢትዮጵያ ርኀብተኞች በተጠራ ዝግጅት ላይ ነው። በ1965 ዓ.ም. ሳይተዋወቁ አብረው የተጀመሩት ሁለት ታሪኮች በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ተገናኙ ማለት ነው። ይህን ስናገኝ በክበባችን ብዙ ተከራክረን ነበር፤ አንዳንዶቻችን አጋጣሚ ነው ብለዋል፤ አጋጣሚም ቢሆን መጻፍ ይገባዋል ብለን ተስማማን።

ስለ ትዝታ ደግሞ ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ትዝታ የስሜት ስም ብቻ ሳይሆን የቅኝት ስም ነው። ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር አራቱ ቅኝቶች ይባላል፤ ባቲም አምባሰልም የወሎ ቦታዎች ናቸውና የቅኝቶቹ ሀገር ወሎ ነው ሲባል ኖሯል። ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን ስታዜም የሰማ ሰው ለዚህ ሌላ ምስክር አይጠይቅም። የኢትዮ ጃዝ አባት ሙላቱ አስታጥቄ ይህን ቅኝት ይዞ «የግሌ ትዝታ» የተባለውን ሥራ ሠራ። በ2002 ዓ.ም. የኒው ዮርኩ ራፐር ናስና የቦብ ማርሊ ልጅ ዴሚየን ስለ አፍሪካና ስለ ስደት በሠሩት አልበም የመጀመሪያው ዘፈን የቆመው በሙላቱ ሙዚቃ ላይ ነው። ኩል ሄርክ በሁለት ሸክላ የጀመረው ብልሃት እዚህ ደርሶ የእኛን ትዝታ ወደ ኋላ እየመለሰ አጫወተ። በሲያትል የሚኖረው እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆነችው ገብርኤል ቴዎድሮስም በራፕ ስለ ስደተኛ ልጅ ኑሮ ሲናገር ቆይቷል፤ «ላቭወርክ» የተባለው አልበሙ በ1999 ዓ.ም. ወጥቷል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን ስንመለስ፤ የድሮ ዘፈን ሁሉ ቁም ነገር አልነበረም፤ ቀልዱ ተረስቶ ቁም ነገሩ ስለ ቀረ እንጂ። ዛሬም ከሚወጣው ውስጥ የትኛው እንደሚቀር የሚያውቁት ከእኛ በኋላ የሚመጡት ናቸው። ታላላቆቻችን በዚህ ፍርድ ላይስማሙ ይችላሉ፤ በበዓሉ ቀን ሊከራከሩን ለሚፈልጉ ክበባችን ዝግጁ ነው።

ሴጅዊክ ጎዳና ላይ ያለው ሕንጻ በ1999 ዓ.ም. የሂፕ ሆፕ ትውልድ ቦታ ተብሎ በኒው ዮርክ ግዛት እውቅና አገኘ። ያን ጊዜ ባለንብረቱ ቤቱ ለዝቅተኛ ገቢ ተከራዮች ከሚጠበቅበት ደንብ ሊያወጣው አስቦ ነበርና ከመቶ በላይ ቤተሰቦች ኪራዩ እንዳይጨምርባቸው ሰግተው አቤት ይሉ ነበር። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ኩል ሄርክም ያን ጊዜ ጎልማሳ ሆኖ ወደ ድሮ ቤቱ ደጃፍ ተመልሶ ከተከራዮቹ ጋር ቆመ፤ ስለ ቤት ኪራይም ተናገረ።