ፕላውደን፦ የአንድ ብርቅ የእንግሊዝ የቤተ ሰብ ስም ታሪክና ሥርጭት

የዐፄ ቴዎድሮስን ዘመን ታሪክ የሚያጠና ሰው ፕላውደን የሚለውን ስም ሳያገኝ አያልፍም። ዋልተር ፕላውደን ከ1848 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ ማለት እስከ 1860 ድረስ፣ በኢትዮጵያ የእንግሊዝ መንግሥት ቆንስል ነበረ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እዚህ ልንመረምረው ያሰብነው ግን የቆንስሉን ሥራ ሳይሆን ስሙን ነው። በአገራችን ልማድ የሚያነብ ሰው «ዋልተር ፕላውደን» ሲባል ዋልተር የፕላውደን ልጅ ነው ብሎ ያስባል። ነገሩ እንደዚህ አይደለም። የዋልተር አባት ስም ትሬቨር ነበር። ፕላውደን ደግሞ በመጀመሪያው የሰው ስም ሳይሆን የአንድ ሸለቆ ስም ነው። ይህ የሸለቆ ስም ከእንግሊዝ ምዕራባዊ ጠረፍ ተነሥቶ እስከ ጎንደር እንዴት እንደ ደረሰ ማወቅ፣ የእንግሊዝን መዛግብት ለሚመረምር ኢትዮጵያዊ ተማሪ ትልቅ ጥቅም ይሰጣል። ስሙ ምን እንደሚመሰክርና ምን እንደማይመሰክር የማያውቅ ሰው አንዱን ሰው በሌላው መሳቱ አይቀርምና።

የእንግሊዝ ሰዎች የቤተ ሰብ ስም የያዙት ከጥንት ጀምሮ አልነበረም። ኖርማኖች በ1066 አገሪቱን ከመያዛቸው በፊት አንድ ሰው በአንድ ስም ብቻ ይጠራ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ባለ ርስት መኳንንት፣ ቀጥሎም ነጋዴዎችና ገበሬዎች፣ ሁለተኛ ስም እየያዙ ሄዱ። በ1400 ገደማ አብዛኛው የእንግሊዝ ሕዝብ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ስም ነበረው። እነዚህ ስሞች በአራት ወገን ይከፈላሉ። አንደኞቹ ከሥራ የተወሰዱ ናቸው፤ ስሚዝ ማለት አንጥረኛ ማለት ነው። ሁለተኞቹ ከአባት ስም የመጡ ናቸው፤ ጆንሰን ማለት የጆን ልጅ ማለት ነው። ሦስተኞቹ ከቅጽል ስም፣ አራተኞቹም ከቦታ ስም የተወሰዱ ናቸው። አንጥረኛ በየመንደሩ ስላለ ስሚዝ የሚለው ስም በብዙ ቦታ በየራሱ ተወልዷል። የአንዲት ትንሽ መንደር ስም ግን ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ስለዚህ ብርቅ የሆኑት የቤተ ሰብ ስሞች በአብዛኛው ከትናንሽ ቦታዎች ስም የወጡ ናቸው።

ፕላውደንም ከእነዚህ አንዱ ነው። ቦታው በሽሮፕሽር አውራጃ፣ ከዌልስ ወሰን አጠገብ፣ በሊድበሪ ኖርዝ ደብር የሚገኝ ትንሽ መንደር ነው። ሊቃውንት ስሙን ሲተረጕሙ ከጥንታዊው እንግሊዝኛ ሁለት ቃላት የተገጣጠመ ነው ይላሉ፤ አንደኛው ጨዋታ፣ ሁለተኛው ሸለቆ ማለት ነው። እንግዲህ ፕላውደን «የጨዋታ ሸለቆ» ማለት ይሆናል፤ የአካባቢው ሰዎች ለስፖርትና ለፉክክር የሚሰበሰቡበት ቦታ ነበር ማለት ነው። በዚህ ሸለቆ ርስት የነበረው ቤተ ሰብ በቦታው ስም ተጠራ። ቤተ ሰቡ የሚተርከው አፈ ታሪክ እንደሚለው፣ ሮጀር የተባለ አባታቸው በ1191 በአካ ከተማ ከበባ ከመስቀል ጦረኞች ጋር ተዋግቶ፣ በጀግንነቱ ምክንያት በጋሻው ላይ የአበባ ምልክት እንዲሥል ተፈቀደለት። ይህ ትውፊት ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ያሳያል፤ ቤቱ ከርስቱ ጋር ያለውን ግንኙነት እስከዚያ ዘመን ወደ ኋላ ስቦ ማቆየቱን እንደ ክብር ይቈጥረው ነበር።

ስሙ ከሸለቆው ወጥቶ በአገሩ ሁሉ እንዲታወቅ ያደረገው ኤድመንድ ፕላውደን ነው። በ1518 በሽሮፕሽር ተወልዶ በ1585 የሞተው ይህ ሰው በዘመኑ ከነበሩት የሕግ ሊቃውንት እጅግ ከተከበሩት አንዱ ነበር። በ1571 ያሳተመው የፍርድ ቤት ክርክሮች መጽሐፍ ለብዙ ትውልድ የእንግሊዝ ጠበቆች መማሪያ ሆኗል። በለንደን የሚገኘው የሚድል ቴምፕል የሕግ ማኅበር ታላቅ አዳራሽ የተሠራውም እርሱ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ በነበረበት ጊዜ በጀመረው ሥራ ነው። ነገር ግን ኤድመንድ በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን ከካቶሊክ ሃይማኖቱ አልወጣም። በዚያ ዘመን ካቶሊክ የሆነ ሰው ወደ ከፍተኛ ሹመት መድረስ አይችልም ነበር። የቤተ ሰቡ ታሪክ ከዚህ በኋላ በሁለት መንገድ ሄደ። ካቶሊክ ሆነው የቀሩት በርስታቸው ላይ ተቀመጡ፣ ወይም ወደ ባሕር ማዶ ወጡ፤ ከእነርሱም የኢየሱሳውያን ካህናት የሆኑ ነበሩ። ወደ መንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን የገቡት ደግሞ የሹመት በር ተከፈተላቸው።

ወደ ባሕር ማዶ ካቀኑት አንዱ የሕግ ሊቁ የልጅ ልጅ የሆነው ሰር ኤድመንድ ፕላውደን ነው። በ1634 በንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ስም በተሰጠው ፈቃድ በሰሜን አሜሪካ፣ ዛሬ ኒው ጀርሲ በሚባለው አገርና በአካባቢው፣ ኒው አልቢዮን የተባለ ግዛት ለማቋቋም ሞከረ። ግዛቱ ከወረቀት አላለፈም። ሰር ኤድመንድም በ1659 ሞተ።

ሌላው ቅርንጫፍ ወደ ምሥራቅ ሄደ። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያን መዛግብት የገለጠ ሰው ፕላውደን የሚባሉ ዳኞች፣ ጸሐፊዎችና የኩባንያው ሹማምንት ያገኛል። ብዙዎቹ ቺቼሌይ የሚል መካከለኛ ስም አላቸው። ይህ ስም በጋብቻ ወደ ቤቱ የገባ ነው። ለምንስ በጥንቃቄ ተጠበቀ? ምክንያቱ ለታሪክ ተማሪ የሚያስደንቅ ነው። ሄንሪ ቺቼሌይ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ በ1438 በኦክስፎርድ ኦል ሶልስ የተባለውን ኮሌጅ ያቋቋመ ሰው ነው። በኮሌጁ ደንብ ከመሥራቹ ዘር የሆኑ ሰዎች በአባልነት ምርጫ ቅድሚያ ነበራቸው። ይህን መብት ለመጠየቅ የዘር ሐረግ ማስረዳት ስለሚያስፈልግ፣ ከመሥራቹ ቤት የሚወለዱትን የሚዘረዝር መጽሐፍ በ1765 ታተመ። በእንዲህ ያለ ዘመን ቺቼሌይ ብሎ ልጅን መሰየም የአባትን ትዝታ ማቆየት ብቻ አልነበረም፤ ጥቅም የሚያስገኝ የዘር ማስረጃም ሊሆን ይችል ነበር።

ቆንስሉ ዋልተር ቺቼሌይ ፕላውደን ከዚህ የሕንድ ቅርንጫፍ ነው። በ1820 ተወለደ፤ ወጣት ሳለ በካልካታ ከተማ በንግድ ቤት ሠራ። በ1843 ወደ እንግሊዝ ሲመለስ በስዌዝ ጆን ቤል ከተባለው መንገደኛ ጋር ተገናኝቶ፣ ሐሳቡን ለውጦ ከእርሱ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በ1849 ከራስ ዓሊ ጋር የእንግሊዝን መንግሥት የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። በ1855 ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ በኋላም በአገሩ ቈይቶ ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ጠባይና ሐሳብ የጻፈው መግለጫ እስከ ዛሬ የታሪክ ጸሐፊዎች ይጠቅሱታል። በ1860 ከጎንደር ወጥቶ ወደ ምጽዋ ሲጓዝ የዐፄ ቴዎድሮስ ተቃዋሚ የነበረው ጋረድ ሰዎች አደጋ ጣሉበትና ቆሰለ። የጎንደር ነጋዴዎች ገንዘብ ከፍለው ቢያስለቅቁትም ብዙ ሳይቈይ በቁስሉ ሞተ።

የጻፈው የጉዞ መጽሐፍ በ1868 ታተመ። ለኅትመት ያዘጋጀው ወንድሙ ትሬቨር ቺቼሌይ ፕላውደን ነው። አባታቸውም ትሬቨር ቺቼሌይ ፕላውደን ይባል ነበር። እነሆ፣ አባትና ልጅ በሦስት ቃል አንድ ዓይነት ስም ሲይዙ ዓመትንና ሹመትን ካላመሳከሩ በቀር መለየት አይቻልም። የእኛ ልማድ የዚህ ተቃራኒ ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ አባት ኃይሉ፣ እርሳቸው ካሳ፣ ልጃቸውም ዓለማየሁ ናቸው፤ በሦስት ትውልድ ውስጥ አንድም የጋራ ስም የለም። በእንግሊዝ ልማድ ስሙ ቤቱን ያሳያል፣ ትውልዱን ግን ይሰውራል። በእኛ ልማድ ስሙ ትውልዱን ያሳያል፣ ቤቱን ግን በቃል ቈጠራ ካልሆነ አያሳይም።

አሁን ወደ ስሙ ሥርጭት እንመለስ። የእንግሊዝ የቤተ ሰብ ስሞች በየትኛው አውራጃ እንደሚበዙ ለማጥናት ከቀደሙት ሰዎች አንዱ ሄንሪ ጉፒ ነው። በ1890 ባሳተመው መጽሐፍ የገበሬዎችን ስም በየአውራጃው ቈጠረ። ገበሬን የመረጠው ከቦታው የማይነቃነቅ ሕዝብ ነው በማለት ነበር። የዛሬ ተመራማሪዎች ደግሞ የ1881ን የሕዝብ ቈጠራ መሠረት አድርገው የስም ካርታ ይሠራሉ። በዚያው ዓመት በሕንድ የተደረገውን የሕዝብ ቈጠራ የመራው ዊልያም ቺቼሌይ ፕላውደን መሆኑ ግጥምጥሞሽ ቢሆንም የስሙን ጠባይ በደንብ ያስረዳል። የአንድ ተራ ገበሬ ቤት ብርቅ ስም ቢኖረው ካርታው ከመንደሩ ዙሪያ ብዙም አይርቅም። የፕላውደን ካርታ ግን እንደዚህ አይደለም። መነሻው በሽሮፕሽር ነው፤ ከዚያ በኋላ የምናገኘው በለንደን የሕግ ማኅበር፣ በኦክስፎርድሽር ርስት፣ በካልካታ፣ በምጽዋና በጎንደር ነው። ይህ የሹመት ካርታ ነው እንጂ የሕዝብ ፍልሰት ካርታ አይደለም።

ብርቅ ስም ለምን ብርቅ ሆኖ ይቀራል የሚለውን ጥያቄ ፍራንሲስ ጋልተንና ሄንሪ ዋትሰን በ1874 በሒሳብ መርምረውታል። ስም በወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ ከሆነ፣ ወንድ ልጅ ሳይወልዱ የሚሞቱ ሰዎች በየትውልዱ ስላሉ፣ ብዙ ስሞች በዕድል ብቻ ይጠፋሉ፤ ጥቂቶችም በዕድል ብቻ ይበዛሉ። በ2000 ደግሞ ብራያን ሳይክስ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርደውን የዘር ምልክት መርምሮ፣ ሳይክስ ከሚባሉት ሰዎች ወደ ግማሽ የሚጠጉት አንድ ዓይነት ምልክት እንዳላቸው አገኘ። በ2009 ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ 40 የቤተ ሰብ ስሞችን አነጻጽረው፣ ብርቅ ስም የያዙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከአንድ አባት እንደሚወርዱ፣ እንደ ስሚዝ ያለ ስም የያዙት ግን ከማንም መንገደኛ ይበልጥ የማይዛመዱ መሆናቸውን አሳዩ።

ከዚህ ተነሥቶ «ፕላውደን የሚባል ሁሉ ዘመድ ነው» ማለት ግን ስሕተት ነው። በዩናይትድ ስቴትስ፣ በተለይም በደቡብ ካሮላይና፣ ይህን ስም የያዙ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ከእነርሱም መካከል ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ይገኛሉ። በዚያ አገር ባርነት በ1865 ሲሻር ነፃ የወጡት ሰዎች ብዙ ጊዜ የቀድሞ ጌቶቻቸውን ወይም የአካባቢውን ባለ ርስቶች ስም ይዘው ተመዝግበዋል። እንዲህ ያለ ስም የሚመሰክረው ዝምድናን ሳይሆን ግፍን ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝ አገርም ሚስት የባሏን ስም ትይዛለች። በ1967 ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት የወጣውና በትምህርት ሊቃውንት ዘንድ «የፕላውደን ሪፖርት» የሚባለው ጽሑፍ የተሰየመው ኮሚሽኑን በመሩት በሌዲ ብሪጀት ፕላውደን ነው፤ እርሳቸው ግን በትውልድ ሪችመንድ ናቸው። እንግዲህ ስሙ በርስት፣ በጋብቻና በጌትነት ይተላለፋል፤ ደም ከእነዚህ መንገዶች አንዱ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ሩቅ ነገር እንዳይመስለን። በ1960 የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ሰብ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም፣ ሕዝቡ ከአባት ስም ልማዱ አልወጣም። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ግን በየመሥሪያ ቤቱ የቤተ ሰብ ስም ይጠየቃሉ፤ ብዙዎቹም የአባታቸውን ወይም የአያታቸውን ስም ያስመዘግባሉ። በዚያ የተወለደው ልጅ ይህንኑ ስም ይወርሳል፤ የልጁም ልጅ እንዲሁ። አንድ ወንድም በአባቱ ስም፣ ሌላው በአያቱ ስም ቢመዘገቡ፣ ከሦስት ትውልድ በኋላ ልጆቻቸው በወረቀት ባዕዳን ሆነው ይገኛሉ። በእንግሊዝ አገር በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዓመት የተፈጸመው የስም መርጋት በእነርሱ ዘንድ በዓይናችን ፊት እየተፈጸመ ነው። የሽሮፕሽር ሰዎች ያንን ዘመን ጽፈው ስላላቈዩልን ዛሬ ከርስት ሰነድና ከአፈ ታሪክ እየለቀምን እንገምታለን። በእኛ በኩል ግን የትኛው ስም፣ ከማን፣ ለምን እንደ ተያዘ የሚያውቁት ሰዎች ገና በሕይወት አሉ። እነርሱን ጠይቆ መጻፍ የዚህ ዘመን ተማሪዎች ግዴታ ነው።