ባለሱቁ ያሳተመው ሳንቲም

በገዢዎች ዓይን የተጻፈ የገንዘብ ታሪክ የንጉሥ ፊት ከተቀረጸበት ወርቅና ብር አልፎ አይሄድም። ሰፊው ሕዝብ ግን ዳቦና ሻማ የሚገዛው በወርቅ አልነበረም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የድሃው ችግር የዝርዝር ችግር ነበር። የአንድ ፔኒ ብር ክብደቱ ግማሽ ግራም ያህል ብቻ ስለ ነበረ፣ ሩቡ፣ ማለትም ፋርዚንግ፣ ከብር ቢሠራ ከጣት መሐል ሾልኮ የሚጠፋ ቅንጣት ይሆናል። ዘውዱም ትርፍ ለማይሰጠው ሥራ ደንታ አልነበረውም።

ደንታ ያደረበት መዝረፊያ ሲሆንለት ነው። ጄምስ 1ኛ በ1613 የመዳብ ፋርዚንግ የማሳተሙን መብት ለሎርድ ሃሪንግተን በሞኖፖል ሰጠ። መዳቡ ከሳንቲሙ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነበርና ልዩነቱ የባለመብቱና የቤተ መንግሥቱ ሲሳይ ሆነ። በእርስ በርሱ ጦርነት መካከል፣ በ1644፣ ፓርላማው ሞኖፖሉን ሻረ፤ ምትኩን ግን አላዘጋጀም።

ክፍተቱን የሞላው ባለሱቁ ነው። ከ1648 ገደማ እስከ 1672 ድረስ ዳቦ ጋጋሪው፣ ሻማ ሻጩ፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት እየራሱ ከነሐስና ከመዳብ ሳንቲም አሳተመ፤ ከ10,000 በላይ ዓይነት ይታወቃል። በላዩ ስሙን፣ ከተማውንና የሙያውን ምልክት ይቀርጽበታል። በብዙዎቹ ላይ የባልና የሚስት ስም መነሻ ፊደላት ጎን ለጎን ይታያሉ፤ በንጉሥ መዝገብ ስሟ ያልተጻፈ የሱቅ ሴት እዚህ ተገኝታለች።

ይሁንና ጓዶች፣ ይህ ሳንቲም ምን ነበር? በብር ከፍላ መልሷን በነሐስ የተቀበለች ሠራተኛ ለባለሱቁ ያለ ወለድ አበድራዋለች። ብድሩም ከሰፈሩ ወጣ ሲባል ዋጋ የለውም፤ ባለሱቁ ቢከስር ደግሞ ከነጭራሹ ይቀራል። እርግጥ ባለሱቁን ከሎርድ ሃሪንግተን ጋር አንድ ማድረግ ስሕተት ነው፤ እሱ ጎረቤት ነው፤ የገዛ ሳንቲሙን አልቀበልም ቢል ደንበኛ ያጣል። ቢሆንም ዋስትናው የአንድ ሰው ቃል ብቻ ነበር። እንደ ብሪስቶል ያሉ ከተሞች ፋርዚንግ በከተማው ስም ማውጣታቸው (ብሪስቶል በ1652) ከዚህ የተሻለ መንገድ እንደ ነበረ ያሳያል።

ቻርልስ 2ኛ በ1672 የመዳብ ፋርዚንግና ግማሽ ፔኒ ራሱ አሳትሞ የባለሱቆቹን በአዋጅ ከለከለ። ነገር ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዘውዱ መዳብ ማሳተሙን እንደገና ችላ ሲል የግል ሳንቲም ተመልሶ መጣ። በ1787 ያሳተመው ግን የሰፈር ሻማ ሻጭ አልነበረም፤ የብረት ፋብሪካ ከበርቴው ጆን ዊልኪንሰን ነበር፤ የንጉሡ ፊት በሚቀረጽበት ቦታ የራሱን ፊት አስቀርጾ ለሠራተኞቹ ደመወዝ ከፈለበት።