«የጉያ ድንጋይ»፦ የአንድ ስም ታሪክና የተርጓሚው ምርጫ

ብርድን ለመከላከል ድንጋይ በእሳት አግሎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ በጉያ ወይም በመኝታ መያዝ በብዙ አገሮች የታወቀ ዘዴ ነበር። ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ግን ከዘዴው ይልቅ ስያሜው ያስተምራል፤ ለዚህም የጃፓንኛው ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ጃፓኖች ይህን ድንጋይ «ኦንጃኩ» ብለውታል። ቃል በቃል «ሙቅ ድንጋይ» ማለት ቢሆንም፣ በእኛ ዘንድ «ሙቅ» የሚጠጣውንም ስለሚያሳስብ ትርጉሙ አያምርም። ድንጋይ ከእኩል ክብደት ውሃ ጋር ሲነጻጸር በየዲግሪው የሚይዘው ሙቀት አንድ አምስተኛ ያህል ነው፤ ሆኖም ከ100 ዲግሪ በላይ ሊግል ስለሚችልና ስለማይፈስ ለጉያ ተስማሚ ሆኗል። በኤዶ ዘመን (1603–1868 እ.ኤ.አ.) በትንሽ የብረት ዕቃ የከሰል ዱቄት የሚጤስበት «ካይሮ»፣ ማለትም «የጉያ ምድጃ»፣ ተከተለው። በ1978 እ.ኤ.አ. የብረት ደቃቅ በአየር ሲዝግ በሚሰጠው ሙቀት የሚሠራው ከረጢት ለገበያ ሲቀርብም ስሙ ያው «ካይሮ» ሆኖ ቀረ። እሳት የሌለው ምድጃ መሆኑ ነው!

ከሁሉ የሚያከራክረው «ካይሴኪ» ነው። የሻይ ሥርዓት ቀለል ያለ ምግብ ስም ሲሆን፣ ዛሬ የሚጻፍባቸው ምልክቶች «ጉያ» እና «ድንጋይ» ናቸው። የዜን መነኮሳት ረኃባቸውን ለማስታገሥ የጋለ ድንጋይ በሆዳቸው ላይ ያኖሩ ነበርና ስሙ ከዚያ መጣ ይባላል። ይሁን እንጂ የሻይ ሊቁ ሴን ኖ ሪክዩ በኖረበት ዘመን (1522–1591 እ.ኤ.አ.) ቃሉ የሚጻፈው፣ ንባቡ ሳይለወጥ፣ «የጉባኤ መቀመጫ» በሚል ፍች ነበር። «ድንጋይ» የገባው በ1690 እ.ኤ.አ. ገደማ በተጠናቀረው «ናምፖሮኩ» በተባለው ጽሑፍ እንደሆነ ይታመናል። ስለዚህ የመነኮሳቱ ተረክ የቃሉ ምንጭ ሳይሆን የአጻጻፉ ማብራሪያ መሆኑ ነው። ተረኩን እንደ ሥርወ ቃል አድርጎ የሚመዘግብ መዝገበ ቃላት አንባቢውን ያሳስታል።

ይህ ዓይነቱ ጥያቄ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በኢሳይያስ 6፥6 ሱራፌል ከመሠዊያው በጉጠት የወሰደው በዕብራይስጡ «ሪጽፓ» ይባላል። የግሪኩ ትርጉም ፍም ሲለው፣ የላቲኑ ተርጓሚ ሄሮኒሞስ ጠጠር ብሎታል። የግእዙ ብሉይ ኪዳን ከግሪክ የተተረጐመ በመሆኑ እኛ «ፍም»ን ወረስን። የዚሁ ቃል ዘመድ «ረጻፊም» ደግሞ በ1 ነገሥት 19፥6 ለኤልያስ ከተጋገረው እንጎቻ ጋር ይገኛል፤ ብዙ አጥኚዎችም የጋለ ድንጋይ ብለው ይፈቱታል። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ በሰሜን አገራችን የመንገደኛው ብርኩታ ሊጥ በጋለ ድንጋይ ዙሪያ ተለጥፎ፣ ውስጡን ድንጋዩ ውጪውን ፍሙ እያበሰለው የሚዘጋጅ ዳቦ ነው።

ታዲያ ተርጓሚው ለ«ኦንጃኩ» ምን ይበል? አንዳንዶች «ማሞቂያ» ቢሉ ይመርጣሉ፤ ቃሉ ግን ዛሬ የኤሌክትሪኩን ዕቃ ያስታውሳል። አማርኛ ሁለት ግሦች አሉት፤ ድንጋይ ይግላል፣ ሰው ይሞቃል። ልዩነቱን የሚጠብቀው «የጋለ ድንጋይ» ነው፤ በልብስ ውስጥ የሚያዘው ሲሆን «የጉያ ድንጋይ» ቢባል ይሻላል። «ካይሮ» «የጉያ ምድጃ» ሊሆን ይችላል፤ «ካይሴኪ» ግን ሁለቱ አጻጻፎቹ ተገልጸው እንዳለ ቢቀር እንመርጣለን።