የአያት ምላጭ ዕድሜው ስንት ነው? ከሰላ ድንጋይ እስከ ሸፊልድ

በሸዋ አሮጌ ቤቶች፣ በሣጥን ውስጥ፣ ወደ እጀታው የሚታጠፍ የፈረንጅ ምላጭ አልፎ አልፎ ይገኛል። ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ «ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው» የሚል ነው።

ይህ እንደ ተራ ወሬ የሚጣል አይደለም። ሣህለ ሥላሴ ሸዋን የገዙት ከ1813 እስከ 1847 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እናታቸው ወይዘሮ ዘነበወርቅ መቀመጫቸው ሰላ ድንጋይ ነበር። በ1841 የእንግሊዙ ሻምበል ሐሪስ ስጦታ ጭኖ ሸዋ ገባ፤ በዚያው ዓመት ውል ተፈረመ። ሚሲዮናዊው ክራፕፍ በ1842 ወደ ጎንደር ሲጓዝ በሰላ ድንጋይ አልፎ ዘነበወርቅን አገኘ። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም በእነዚያ ዓመታት ተመላልሷል። ስለዚህ የአውሮፓ ብረት ወደዚህ አገር ሊገባ ይችል ነበር። ግን «ሊሆን ይችላል» እና «ነው» ለየቅል ናቸው። ፍርዱን የሚሰጠው ምላጩ ራሱ ነው።

መጀመሪያ የሚታየው በስለቱና በእጀታው መጋጠሚያ፣ አንገቱ ላይ የተመታው ጽሑፍ ነው። የሸፊልድ ሠሪዎች የንጉሥ ምልክት ይመቱ ነበር፤ ዘውድ በመካከል ሆኖ «ደብሊዩ» እና «አር» ካለ ከዊልያም አራተኛ ዘመን (1830–1837)፣ «ቪ» እና «አር» ካለ ከንግሥት ቪክቶሪያ (1837–1901) ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የቪክቶሪያ ምልክት ከሣህለ ሥላሴ እስከ ምኒልክ ይደርሳል፤ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

ቀጥሎ የአገር ስም ይፈለጋል። አሜሪካ በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ የውጭ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም እንዲይዝ ካስገደደች ወዲህ «ኢንግላንድ» የሚል ጽሑፍ የተለመደ ሆነ። «ጀርመን» የሚል የዞሊንገን ምላጭ ደግሞ ጀርመን አንድ መንግሥት ከሆነችበት ከ1871 በፊት ነው ብሎ ማመን ይከብዳል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያለበትን ዕቃ ለሣህለ ሥላሴ መስጠት አስቸጋሪ ነው።

ሦስተኛው ቅርጹ ነው። የጥንቱ ስለት እንደ ሽብልቅ ወፍራም ነው፤ ጎንና ጎኑ ወደ ውስጥ የተሰረጎደው ቀጭን ስለት የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ምላጮች ላይ ጅራቱ አጭር ነው ወይም ጭራሽ የለም፤ በኋላ እየረዘመ ሄደ።

አራተኛው እጀታው ነው። ቀንድ፣ አጥንትና የዝሆን ጥርስ የቀደሙ ናቸው። የዝሆን ጥርስ የሚመስለው ሴሉሎይድ ግን በ1870 አካባቢ የመጣ ነው። በጣት ተፈትጎ ሲሞቅ የካምፎር ሽታ ካለው ሴሉሎይድ ነው። በእሳት መሞከር አደጋ ነው፤ በቀላሉ ይቀጣጠላል።

ይህ ሁሉ አልፎም አንድ ጥያቄ ይቀራል። የተሠራበት ዘመን የመጣበት ዘመን አይደለም። በ1840 የተሠራ ምላጭ በእጅ ተላልፎ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሊደርስ ይችላል። ባቡር ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ሲደርስ ደግሞ የባሕር ማዶ ሸቀጥ መንገዱ ቀለለለት።

«የንጉሥ ዘመን» የተባለው ምላጭ የ1910 ሆኖ ቢገኝ ታዲያ ዋጋው አይወርድም። የልጅ ቁንጮ ሲወጣ፣ ሐዘንተኛ ጸጉሩን ሲላጭ የነበረ ዕቃ ነው፤ የቤቱ ታሪክ እውነተኛ ነው። ዋጋውን የሚያጠፋው ሌላ ነገር ነው፦ ዝገቱን ለማስለቀቅ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ። አንገቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ከጠፋ ምስክሩ ጠፋ። ደረቅ ጨርቅና ትንሽ ዘይት ይበቃዋል። ለነጋዴ ከመስጠት በፊትም ጽሑፉን ፎቶ ማንሳትና ከማን ለማን እንደተላለፈ ሽማግሌዎችን ጠይቆ መጻፍ ያስፈልጋል። ብረቱ ዘመኑን ይናገራል፤ የማን እንደነበረ ግን የሚናገሩት እነሱ ብቻ ናቸው።