ሜኑ ላይ የሚጻፉ ቃላት፦ የትኞቹ ያስጠይቃሉ? የትኞቹስ ለጌጥ ናቸው?

በአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች «ስፔሻል» የሚለውን ቃል ያህል የተለመደ ጥቂት ነው። ስፔሻል ክትፎ፣ ስፔሻል ፍርፍር፣ ስፔሻል ጁስ፣ ስፔሻል በርገር አለ። ቃሉ ዋጋው ከ«ኖርማሉ» ከፍ እንደሚል በእርግጠኝነት ይናገራል፤ ምን እንደተጨመረበት ግን አይናገርም። በአንዱ ቤት እንቁላል ይሆናል፣ በሌላው አይብ፣ በሦስተኛው ሰፋ ያለ ሳህን ብቻ።

ይህ የአንድ ከተማ ጠባይ አይደለም። የለንደን መጠጥ ቤቶች «በቤት የተሠራ»፣ የኒው ዮርክ ምግብ ቤቶች «ከገበሬው ማሳ በቀጥታ»፣ ሌሎችም «ተፈጥሯዊ»፣ «ባህላዊ»፣ «አርቲዛን» እያሉ ይጽፋሉ። ከእነዚህ ቃላት አንዳንዶቹ በሕግ ወይም በመመሪያ ትርጉም የተሰጣቸው ናቸው፤ ጽፎ ያልፈጸመ ነጋዴ ሊጠየቅባቸው ይችላል። ሌሎቹ ማንንም አያስሩም። ችግሩ ሁለቱም በአንድ ገጽ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ፊደል ተጽፈው መቅረባቸው ነው።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልሳን ምሁሩ ዳን ጁራፍስኪና ባልደረቦቻቸው 6,500 የአሜሪካ ሜኑዎችን፣ በውስጣቸውም 650,000 ያህል ምግቦችን መርምረው ነበር። ምግቡን የሚገልጹት ቃላት አማካይ ርዝመት በአንድ ፊደል በጨመረ ቁጥር የምግቡ ዋጋ በ18 የአሜሪካ ሳንቲም ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሌላው ግኝታቸው ይበልጥ ያስገርማል። «እውነተኛ» የሚለው ቃል የሚበዛው በጣም ውድ በሆኑት ቤቶች አይደለም። ክሬሙ እውነተኛ ክሬም ነው ብሎ መማል የሚያስፈልገው፣ ደንበኛው ሊጠራጠር ይችላል ብሎ የሚያስብ ቤት ነው። እኛም አገር «ንጹሕ ማር» የሚል ማስታወቂያ የሚሰቀለው ስኳር የተቀላቀለበት ማር መኖሩን ሁሉም ስለሚያውቅ ነው።

የማን ቤት?

«በቤት የተሠራ» የሚለውን ሐረግ ያህል የሚያከራክር የለም። በብሪታኒያ በርካታ ሰንሰለታማ መጠጥ ቤቶች ሾርባውንና ወጡን የሚያገኙት ከማዕከላዊ ማብሰያ ወይም ከፋብሪካ ነው፤ ቀዝቅዞ ወይም በረዶ ሆኖ ይመጣል፣ በቦታው ይሞቃል፣ ይቀርባል። ይህ ሕገ ወጥ አይደለም፤ ምግቡም መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን የአገሪቱ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ በ2008 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አሻሽሎ ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ አንድ ምግብ ቤት ሐረጉን የሚጠቀመው ምግቡን ከመሠረታዊ ጥሬ ዕቃዎች ተነሥቶ እዚያው ቤት ሲያዘጋጅ ነው። መመሪያው ራሱ ሕግ አይደለም። ጥርስ ያለው የ1990ው የምግብ ደኅንነት ሕግ ነው፤ ምግብን በሐሰት ወይም በሚያሳስት መንገድ መግለጽን ወንጀል ያደርገዋል።

ፈረንሳይ ከዚህ አልፋ ሄዳለች። ከ2014 ጀምሮ «ፌ ሜዞን»፣ ማለትም በቤት የተሠራ፣ የሚለው ቃል በአዋጅና በደንብ ተወስኗል፤ የራሱ ምልክትም አለው፦ ክዳኑ የቤት ጣሪያ የሆነ ድስት። ምግቡ ከጥሬ ዕቃ ተነሥቶ እዚያው ቤት መሠራት አለበት። ሆኖም ዝርዝሩን ያነበበ ሰው ትንሽ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ዳቦ፣ አይብና ፓስታ ተገዝተው ሊገቡ ይችላሉ። በረዶ የሆነ ዓሣና አትክልትም ጥሬ እስከሆነ ድረስ ተፈቅዷል። ድንች ግን አይቻልም፤ ተልጦና ተከትፎ የመጣ ድንች ጠብሶ «ፌ ሜዞን» ማለት ክልክል ነው። ስለዚህ ሐረጉ በሕግ ያልተተረጎመለት የለንደኑ ደንበኛ ብቻ ሳይሆን፣ በሕግ የተተረጎመለት የፓሪሱ ደንበኛም ቃሉን ከገመተው በተለየ ትርጉም ሊያገኘው ይችላል።

«ፍሬሽ» የሚለውም እንዲሁ ያስቸግራል። በአማርኛ «ትኩስ» ስንል ከምድጃ የወረደውንም፣ አዲስ የተቀጠፈውንም ማለታችን ነው፤ ምናልባት «ፍሬሽ»ን ከእንግሊዝኛ የተዋስነው ለዚህ ይሆናል። ቃሉ ግን ዓሣው መቼ እንደተጠመደ፣ ጭማቂው መቼ እንደተጨመቀ አይነግረንም።

ከባሕር ማዶ የመጣው ሥጋ

የቦታ ስም በሜኑ ላይ ሲወጣ ጉዳዩ ይከብዳል። የኮቤ ሥጋ የሚባለው በጃፓን ሂዮጎ ግዛት ከሚረባ የታጂማ ዝርያ ከብት ብቻ የሚገኝ ነው። እስከ 2012 ድረስም ወደ ውጭ አገር ተልኮ አያውቅም ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ግን በአሜሪካ ምግብ ቤቶች «የኮቤ በርገር» በየሜኑው ላይ ይነበብ ነበር። «የትራፍል ዘይት»ም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ትራፍል ከመሬት ሥር የሚገኝ እጅግ ውድ የእንጉዳይ ዓይነት ነው፤ በአብዛኛው ዘይት ውስጥ ያለው ሽታ ግን በቤተ ሙከራ የተሠራ ኬሚካል ነው። ኦሺያና የተባለው የባሕር ጥበቃ ድርጅት በ2013 ባወጣው ጥናት ደግሞ በአሜሪካ ከሱቆችና ከምግብ ቤቶች ከተሰበሰቡ 1,215 የዓሣ ናሙናዎች ሲሶው የተሳሳተ ስም ተሰጥቶት ተገኝቷል።

ወደ መጠጡ ስንሻገር «ክራፍት ቢራ» በብሪታኒያ ሕግ ትርጉም የለውም። በአሜሪካ የጠማቂዎች ማኅበሩ የራሱን መስፈርት አውጥቷል፦ በዓመት ከ6 ሚሊዮን በርሜል ያልበለጠ ምርትና ከትልልቅ አልኮል አምራቾች ነጻ የሆነ ባለቤትነት። 6 ሚሊዮን በርሜል ለሚያመርት «ትንሽ» የሚለውን ቃል መስጠት የማኅበሩ ልግስና ነው።

ቃል ሕይወት ሲነካ

እስካሁን የተጠቀሱት የሚጎዱት ኪስን ነው። ቀጣዩ የተለየ ነው።

በ2017 በለንደን አንድ ወጣት 18ኛ ዓመት ልደቱን ለማክበር ከቤተሰቡ ጋር ወጥቶ የተጠበሰ የዶሮ በርገር አዘዘ። ወተት ነክ ምግብ አለርጂ ነበረበት፤ ይህንንም ለአስተናጋጆቹ ተናግሮ እንደነበር ከሁለት ዓመት በኋላ የተካሄደው የሞት ምርመራ አረጋግጧል። ዶሮው ግን በአሬራ ተዘፍዝፎ ነበር። ሜኑው ስለ አሬራው አንዳች አላለም። ወጣቱ በዚያው ዕለት ሕይወቱ አለፈ። እዚህ ላይ የሐሰት ቃል አልተጻፈም፤ የጠፋው አስፈላጊው ቃል ነው።

የብሪታኒያ ሕግ ምግብ ቤቶች ስለ 14 የአለርጂ መንሥኤዎች መረጃ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ ይሁንና መረጃው በቃል ቢሰጥም ይበቃል። ኤጀንሲው በ2025 ያወጣው መመሪያ በጽሑፍ ቢሆን እንደሚመረጥ ያሳስባል እንጂ አያዝም። «ቪጋን» የሚለውንም ቃል እንደ ዋስትና መውሰድ አይገባም። ቃሉ የአመጋገብ ምርጫን ይገልጻል፤ በዚያው ማብሰያ የወተት ወይም የእንቁላል ንክኪ አለመኖሩን አያረጋግጥም።

ጉዳዩ ወደ ሐበሻ ምግብ ቤቶችም ይዘልቃል። በውጭ አገር «የጾም» የሚለው ብዙ ጊዜ «ቪጋን» ተብሎ ይተረጎማል፤ ነገር ግን በጾም ዓሣ የሚበሉ አሉ፣ ማርም አይከለከልም፣ ቪጋን ግን ሁለቱንም አይነካም። ከዚህ የሚከብደው «ከግሉተን ነጻ» የሚለው ነው። በአውሮፓ ኅብረትና በብሪታኒያ ይህ ሐረግ ቁጥር አለው፦ በአንድ ኪሎ ግራም ምግብ ውስጥ ከ20 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ግሉተን። ምግብ ቤቶችንም ይመለከታል። ሴልያክ የተባለው ሕመም ያለበት ሰው አንጀት በጥቂት ግሉተን እንኳ ይጎዳል።

ጤፍ በተፈጥሮው ከግሉተን ነጻ ነው። እንጀራ ግን ሁልጊዜ ጤፍ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ለዓመታት ገድባለች፤ በውጭ አገር የሚገኘውም ውድ ስለሆነ ብዙ ጋጋሪዎች የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት ይቀላቅላሉ፤ እንጀራውም ሲለሰልስ ደንበኛው ይወደዋል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ እዚያው አገር ቤትም ጤፍን ከሌላ እህል ማደባለቅ የቆየ ልማድ ነው። የሚያደርሰው ጉዳት የሚጀምረው ሜኑው ላይ «እንጀራ፣ ከግሉተን ነጻ» ተብሎ ሲጻፍ ነው። ሊጥ ውስጥ ስንዴ ባይኖርም እርሾው ካለፈው ድብልቅ ሊጥ የተቀነሰ ሊሆን ይችላል፤ ምጣዱና ማሰሻውም የጋራ ሊሆኑ ይችላሉ። ሴልያክ ያለበት ሰው አስተናጋጁን «የጤፍ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ «አዎን» የሚል ቅን መልስ ያገኛል። መጠየቅ ያለበት ዱቄቱ ምን ምን እንደተቀላቀለበት፣ እርሾው ከየት እንደመጣና እንጀራው የተጋገረው እዚያው ቤት ይሁን ከሌላ ጋጋሪ የተገዛ ነው፤ መልሱንም ከአስተናጋጁ ሳይሆን ከማዕድ ቤቱ ቢያገኝ ይመረጣል።